በሰው አገር ጦርነት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 2023 ሌሊት የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተሮች ከጅቡቲ ተነሥተው፣ ኢትዮጵያ ላይ ነዳጅ ቀድተው ካርቱም ገቡ። መሬት ላይ የቆዩት ከአንድ ሰዓት በታች ነበር። መቶ የማይሞሉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የኤምባሲ ሠራተኞች፣ አሳፍረው ወጡ። በዚያው ሳምንት በዚያችው ከተማ ሻይ ሲሸጡ፣ በሰው ቤት ሲሠሩ፣ ምግብ ቤት ከፍተው ሲያስተዳድሩ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ዋጋው እጅግ የናረ አውቶቡስ ፈልገው ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ወደ ድንበር ከተሞቹ ጋላባትና መተማ ለመድረስ ይሯሯጡ ነበር። ሁለቱም ወገኖች በሱዳን ሕግ ፊት የውጭ ዜጎች ናቸው። አገሩም ጦርነቱም የእነሱ አልነበረም። ታዲያ አንዱን በአንድ ሌሊት ያስወጣ፣ ሌላውን ሳምንታት፣ አንዳንዱንም ዓመታት ያስቆየ ምንድን ነው? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይህ ነው። (በምዕራፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቶሎ የሚመጣው መልስ ሀብት ነው፤ ሀብታም መንግሥት ሄሊኮፕተር አለው፣ ድሃው የለውም። መልሱ እውነትነት ቢኖረውም ጉዳዩን አይጨርሰውም። በዚያ ሌሊት ሱዳን ውስጥ 16,000 ያህል የአሜሪካ ዜጎች እንደነበሩ ይነገር ነበር። አብዛኞቹ ጥምር ዜግነት ያላቸው ሲሆኑ፣ መንግሥታቸው መጀመሪያ የነገራቸው ባሉበት እንዲቆዩና በመንግሥት የሚወጡበት ዕቅድ እንደሌለ ነው። ለእነሱ የተዘጋጁ አውቶቡሶች የተንቀሳቀሱት ከቀናት በኋላ ነው። በሌላ በኩል ከአሜሪካ ጋር በሀብት የማትወዳደረው ህንድ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ 3,862 ሰዎችን አስወጣች። እንግዲህ የገንዘቡ መጠን ብቻውን ዕጣውን አይወስንም። እኔ የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፦ በእርስ በርስ ጦርነት መካከል የሚገኝ የውጭ ሰው ዕጣ በአመዛኙ የሚቆረጠው የመጀመሪያው ጥይት ከመተኮሱ በፊት፣ ማንም ስለ ጦርነት በማያስብባቸው ተራ ዓመታት ውስጥ ነው። ማን መዘገበው? በምን ወረቀት ይኖራል? ወረቀቱ በማን እጅ ነው? አገሩስ እዚያ መኖሩን ያውቃል? ጦርነቱ እነዚህን ጥያቄዎች አይፈጥራቸውም፤ መልሳቸውን በአንድ ጊዜ ይገልጠዋል እንጂ።

ከጦርነቱ በፊት ሱዳን ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ስደተኞች ይኖሩባት ነበር። ከእነዚህ 800,000 ያህሉ ደቡብ ሱዳናውያን፣ ከመቶ ሺህ በላይ የሚሆኑት ኤርትራውያን ነበሩ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሶርያውያንና ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ከትግራይ የተሰደዱትን ከያዙት መጠለያዎች አንዱ የሆነው ኡም ራኩባ ከ40 ዓመት ገደማ በፊት በረሃብ ዘመንም ኢትዮጵያውያንን አስጠልሎ ነበር። ይህ ሁሉ የተመዘገበው ብቻ ነው። በካርቱም እንደ ጀሪፍና ዴይም ባሉ ሰፈሮች ስማቸው በየትኛውም መዝገብ የሌለ ሐበሾች ኑሮ መሥርተው ነበር። የሱዳን ሕግ ስደተኛው በመጠለያ እንዲኖር ይጠይቃል፤ እንጀራ ያለው ግን ከተማ ነው። ስለዚህ ካርቱም ገብቶ የሚሠራ ስደተኛ ሕጋዊ ስደተኛ ሆኖ እንኳ ሕገ ወጥ ነዋሪ ይሆናል። አፈሳ ሲመጣ ይደበቃል፣ ሲያዝ ይከፍላል፣ ፖሊስ ጣቢያም ሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከመሄድ ይቆጠባል። በሰላሙ ጊዜ ይህ መሰወር ጥበብ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ያው መሰወር ማንም የማይፈልገው፣ ማንም ስም ዝርዝር ውስጥ የማያገኘው ሰው አደረገው።

የደቡብ ሱዳናውያኑ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይለያል። ብዙዎቹ ካርቱም ተወልደው ያደጉ፣ ከካርቱም ሌላ ከተማ የማያውቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ስታውጅ የካርቱም መንግሥት የዜግነት ሕጉን አሻሽሎ ዜግነታቸውን ነጠቃቸው። ከሰፈራቸው አልተንቀሳቀሱም፤ ድንበሩ ነው በላያቸው ላይ ያለፈው። እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነቱን ሸሽተው ወደ ደቡብ ሱዳኗ ሬንክ ሲሻገሩ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች መዝገብ ‘ከስደት ተመላሾች’ ተብለው ሰፈሩ። ከመካከላቸው የተመለሱበትን አገር የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ልጆች ብዙ ናቸው። የውጭ ዜጋ መሆን ሁልጊዜ ሻንጣ ይዞ ከመሄድ አይጀምርም። አንዳንዴ በጋዜጣ የወጣ የሕግ ማሻሻያ ይበቃል።

ጦርነቱ የፈነዳው ቅዳሜ ኤፕሪል 15 ቀን፣ ረመዳን ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት ነው። በጄኔራል አብደል ፈታህ አል ቡርሃን የሚመራው የሱዳን ጦርና በመሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ (ሔሜቲ) የሚመራው የፈጥኖ ደራሽ ኃይል ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ የተዋጉት በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ ነበር። ‘አስቀድመው ለምን አልወጡም?’ የሚል ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው። በዲፕሎማሲ፣ በስለላ፣ በሳተላይት የተደገፉት ኤምባሲዎች እንኳ ሰዎቻቸውን አላወጡም ነበር። በሦስተኛው ቀን የአውሮፓ ኅብረት አምባሳደር በገዛ መኖሪያው ጥቃት ደረሰበት፤ የአሜሪካ ኤምባሲ መኪኖችም ተተኮሰባቸው። እነሱ ያላዩትን አደጋ ሻይ ሻጯ ማየት ነበረባት ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ብታየውስ? ከገቢዋ ግማሹን ለቤተሰብ የምትልክ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ያለፈባት፣ የተጠራቀመ ቅጣት ድንበር ላይ የሚጠብቃት ሴት ‘ለማንኛውም’ ብላ ሥራዋን ጥላ ልትወጣ አትችልም። አስቀድሞ መውጣት ትርፍ ገንዘብና ንጹሕ ወረቀት ያለው ሰው የሚያደርገው ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ለዚህ ምዕራፍ ክርክር ከየትኛውም መጽሐፍ የበለጠ ማስረጃ ናቸው። ሳዑዲ ዓረቢያ በቀይ ባሕር መርከቦቿን አሰለፈች፤ ከፖርት ሱዳን ወደ ጅዳ ከወሰደቻቸው ከ8,000 በላይ ሰዎች የራሷ ዜጎች 400 ገደማ ብቻ ነበሩ። ፈረንሳይ ወደ ጅቡቲ ባደረገቻቸው በረራዎች የበርካታ አገሮችን ሰዎች ጫነች። ብሪታንያ ከካርቱም ሰሜን ከሚገኘው ዋዲ ሰይድና የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቆጵሮስ ከ2,000 በላይ ሰዎችን አወጣች። የተባበሩት መንግሥታት፣ የኤምባሲዎችና የዕርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞች የነበሩበት፣ 700 ያህል ሰዎች የያዘ የመኪና አጀብ ከካርቱም ፖርት ሱዳን ለመድረስ 35 ሰዓት ፈጀበት። የቱርክ ዜጎች በአውቶቡስ በመተማ በኩል ኢትዮጵያ ገብተው አገራቸው ገቡ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች የዳኑበትን መንገድ ስናየው የሚደጋገም አንድ ነገር አለ፤ በአንድ ስም ዝርዝር ላይ መገኘት። አውቶቡሱ የት እንደሚቆም የሚነግር ስልክ የሚደወለው ቁጥሩ ለተመዘገበ ሰው ነው። ኬላ ላይ ወታደሩን የሚያሳልፈው ፓስፖርቱ ብቻ ሳይሆን ‘ይህ አጀብ የእገሌ መንግሥት ነው’ የሚል አስቀድሞ የተደረሰበት ስምምነት ነው።

ወረቀት ሕይወት መሆኑን ከምንም በላይ ያሳዩት ግን በኤምባሲዎች መሳቢያ ውስጥ የቀሩት ፓስፖርቶች ናቸው። ለቪዛ ያስገቧቸው ሰዎች ሳይመለሱላቸው የአውሮፓ ኤምባሲዎች ተዘግተው ሠራተኞቹ ሄዱ። የአሜሪካ ኤምባሲ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ እንዳይወድቁ በሚል በደንቡ መሠረት እጁ ላይ የነበሩትን ፓስፖርቶች ማጥፋቱን አመነ። የፓስፖርቶቹ ባለቤቶች በብዛት ሱዳናውያን ነበሩ። ድንበር ላይ የደረሰባቸው ግን ያለ ሰነድ በሰው አገር የሚኖር ሁሉ ዕለት ተዕለት የሚያውቀው ነገር ነው። ከዚህ በመነሣት በዓረብ አገሮች በአሠሪ እጅ ስለሚያዘው የቤት ሠራተኛ ፓስፖርት ማሰብ ግድ ይላል። በሰላሙ ጊዜ ነገሩ የሚታየው እንደ ጉልበት ብዝበዛ ነው፤ ሠራተኛዋ እንዳታመልጥ የሚደረግ። አሠሪው ቤተሰቡን ይዞ ሲሸሽና መሳቢያው ተቆልፎ ሲቀር ግን ያው ድርጊት የሞት ፍርድ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ የሠራተኛ መብት ብቻ ተደርጎ መታየቱ ከባድ ስሕተት ነው።

አሁን ከባድ ወደሆነው ተቃውሞ እንምጣ። በዚህ ጦርነት ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተፈናቅለዋል፤ በብዛት የተገደለውም፣ የተራበውም፣ የተደፈረችውም ሱዳናዊና ሱዳናዊት ናቸው። ስለ ውጭ ሰዎች መጻፍ የባለቤቶቹን ሐዘን መስረቅ አይሆንም? ጥያቄው የተገባ ነው፤ የመከራውን መጠን እያነጻጸርኩ ቢሆን ኖሮ የምመልሰው አልነበረኝም። የምለው የመከራው ዓይነት ይለያል ነው። ካርቱም ስትቃጠል ብዙ ሱዳናውያን ወደ ገዚራ፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ነጭ ዓባይ፣ አጎት ወይም አክስት ወዳለበት መንደር ሸሹ። ቢራቡም የሚጠሩት የዘር ስም፣ የሚያንኳኩት በር ነበራቸው። የውጭው ሰው ይህ የለውም። ሠራተኛ ከሆነ ቢያንስ የሚመለስበት አገር አለው። ኤርትራዊው ስደተኛ ግን የሸሸው ራሱ ከአገሩ ነው። ባለበት መቆየት አይችልም፣ ወደ አገሩ መግባት አይችልም፣ ወደ ሦስተኛ አገር የሚያሻግር ሰነድ የለውም። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 በካርቱም የአፍሪካ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ላይ የወደቀ ከባድ መሣሪያ አሥር የኮንጎ ዜጎችን ገደለ። ከካርቱም ወደ ወድ መደኒ የሸሹ ስደተኞች ዲሴምበር 18 ቀን ከተማዋ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል ስትያዝ እንደገና ወደ ገዳሪፍና ከሰላ ተሰደዱ። ከመጀመሪያው ስደታቸው ጋር ሲቆጠር ይህ ለብዙዎቹ ሦስተኛው ነበር።

የውጭው ሰው ከጦርነቱ ውጭ ነው የሚለው እምነት የሚፈርስበት ሌላው ቦታ ጥርጣሬ ነው። የእርስ በርስ ጦርነት ወገንህ ማን ነው የሚል ጥያቄ ያለማቋረጥ የሚጠየቅበት ጦርነት ነው። ‘የማንም አይደለሁም’ የሚል መልስ ደግሞ ኬላ ላይ የቆመ ወጣት ታጣቂን አያሳምንም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሊቢያ ላይ ሙአመር ጋዳፊ ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ቅጥረኛ ወታደሮች አምጥቷል የሚለው ወሬ ሲስፋፋ፣ ለግንባታና ለጽዳት ሥራ የሄዱ ጥቁር አፍሪካውያን በየመንገዱ ተደበደቡ፣ ታሰሩ፣ ተገደሉም። በሱዳን የጦሩ ባለሥልጣናት ባላንጣቸው የውጭ ተዋጊዎችን አሰልፏል ብለው በተደጋጋሚ ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ደግሞ የውጭ ዜጎች በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከካርቱም ግዛት እንዲወጡ ታዘዘ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ጦሩ ወድ መደኒን መልሶ ሲይዝ ደቡብ ሱዳናውያን ‘ተባባሪ ነበራችሁ’ ተብለው ተገደሉ። ዜናው ጁባ ሲደርስ ሕዝቡ ተቆጥቶ በሱዳናውያን ነጋዴዎች ላይ ተነሣ፤ ሱቆች ተዘረፉ፣ ሰዎች ሞቱ፣ የሰዓት እላፊ ታወጀ። አንዱ ጦርነት በሁለት አገር ባሉ ሁለት ዓይነት እንግዶች ላይ እርስ በርሱ እንዲህ ሲመላለስ በቀል በተዋጊው ላይ እንደማያርፍ በግልጽ ይታያል።

ጥርጣሬው ሁልጊዜ ከባዶ ይነሣል ማለት አይቻልም። ጋዳፊ የውጭ ሰዎችን በጦሩ ውስጥ አሰልፎ እንደነበር፣ ለፈጥኖ ደራሹ ኃይል የቀድሞ የኮሎምቢያ ወታደሮች ተቀጥረው እስከ ዳርፉር መድረሳቸው የተመዘገበ ነው። መንግሥት በግዛቱ ያሉ የውጭ ዜጎችን የመቆጣጠር መብትም ግዴታም አለው የሚል ሰው ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ቁጥጥሩ ሰውን በሥራው ሳይሆን በመልኩና በአነጋገሩ ሲለይ ነው። ኮሎምቢያዊው ቅጥረኛ ሱዳን የገባው በውልና በተዘጋጀለት በረራ ነው። በጥርጣሬው የምትታሰረው ግን ሃያ ዓመት በአንድ ጥግ ሻይ ስታፈላ የኖረች ሴት ናት። እዚህም ላይ የሰላሙ ዘመን አስተዳደር ይቆጠራል። ነዋሪነቷን የሚያረጋግጥ መታወቂያ የሰጣት መንግሥት ቢኖር ኖሮ ማንነቷን ለማወቅ የታጣቂ ግምት ባላስፈለገ። መዝገብ የሌለው አገር ሰላዩን ከሠራተኛው የሚለይበት መንገድ የለውም።

ይህን ሁሉ የሚያፈርስ የሚመስል አንድ ታሪክ አለ፤ ቤይሩት። በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት በ1980ዎቹ ዓመታት ኃያል ፓስፖርት መያዝ ራሱ አደጋ ሆነ። የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ማልኮልም ከር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1984 ተገደሉ። ጋዜጠኛው ቴሪ አንደርሰን በማርች 1985 ታፍኖ የተለቀቀው በዲሴምበር 1991 ነው። የአየርላንድ ተወላጁ መምህር ብራያን ኪናን እ.ኤ.አ. በ1986 ታግቶ ከአራት ዓመት በላይ ታስሯል። ወረቀት ያድናል ካልን እነዚህ ሰዎች ለምን ተያዙ? መልሱ በራሱ በድርጊቱ ውስጥ አለ፤ የታገቱት የሚደራደርላቸው መንግሥት ስላለ ነው። አጋቹ የፈለገው ከጀርባቸው የቆመውን ኃይል ነበር። በዚያው ቤይሩት በዚያው ዘመን የስሪላንካ የቤት ሠራተኛን አግቶ ከዋሽንግተን ጋር መደራደር የሚችል አልነበረም። ወረቀቱ ዕጣን ይወስናል እንጂ ሁልጊዜ ወደ መልካም አይወስድም። ይህን ልዩነት ሳይጠብቁ ‘ምዕራባዊ ሆኖ መወለድ ጋሻ ነው’ ብሎ መጻፍ ስድስት ዓመት በሰንሰለት የቆየውን ሰው መበደል ነው።

ከጀርባው መንግሥት የሌለው ሰው እስከ ምን ድረስ ሊተው እንደሚችል ደግሞ የሜዲትራኒያን ባሕር ነግሮናል። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 መጨረሻ ከትሪፖሊ 72 ሰዎች የጫነች የጎማ ጀልባ ተነሣች። ከተሳፋሪዎቹ 47ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የቀሩት ናይጄሪያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ጋናውያንና ሱዳናውያን። ነዳጅ አልቆባት 14 ቀን ስትንሳፈፍ በሳተላይት ስልክ ያሰሙት የድረሱልን ጥሪ ሮም ላለው የባሕር ነፍስ አድን ማዕከል ደርሶ ነበር። በዙሪያው የነበሩት መርከቦችም መልእክቱ ተላልፎላቸዋል። አንድ ወታደራዊ ሄሊኮፕተር ውኃና ብስኩት ጥሎላቸው ሄደ፤ አልተመለሰም። ጀልባዋ ተመልሳ ሊቢያ ዳርቻ ስትወድቅ በመጨረሻ የተረፉት ዘጠኝ ናቸው። የአውሮፓ ምክር ቤት የፓርላማ ጉባኤ በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው የምርመራ ሪፖርት ኃላፊነቱ በብዙ ወገኖች መካከል መጥፋቱን ዘርዝሯል። በዚያው ሰሞን ቻይና ከዚያው ሊቢያ ከ35,000 በላይ ዜጎቿን በመርከብና በአውሮፕላን አውጥታለች። በዚያ ባሕር መርከብ አልጠፋም ነበር። የጠፋው ‘እነዚያ የእኔ ሰዎች ናቸው፣ የት ደረሱ?’ ብሎ በየሰዓቱ የሚደውል ባለሥልጣን ነበር።

ሕጉ ይህን ክፍተት ይሞላዋል ብለን ተስፋ እንዳናደርግ ሕጉ ራሱ የተጻፈበት መንገድ ያግደናል። የ1949ኙ አራተኛ የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 35 በጦርነት አገር የሚገኝ የውጭ ሰው፣ መውጣቱ ያለበትን አገር ጥቅም የሚጎዳ ካልሆነ በቀር፣ የመውጣት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ የሚሠራው ግን በመንግሥታት መካከል ለሚደረግ ጦርነት ነው። የእርስ በርስ ጦርነትን የሚመለከተው የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 ስለ መውጣት መብት አይናገርም። ሰውን በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በትውልድና በሀብት መለየትን ሲከለክል ዜግነትን ከዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። ይህም የመርሳት ጉዳይ አልነበረም፤ አርቃቂዎቹ መንግሥታት ዐመፅ በተነሣ ጊዜ የውጭ ዜጎችን በተለየ ሁኔታ መያዝ ሊፈልጉ እንደሚችሉ አስበው የተዉት ነው። ሰብአዊ አያያዝ ለማንም የማይነፈግ መሆኑ እንደተጠበቀ ነው። የሆነ ሆኖ፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የበዛው የጦርነት ዓይነት ለውጭ ሰው የተለየ ጥበቃ የሌለበት መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

ለውጭ ሰው የተለየ ጥበቃ መጠየቅ ራሱ አደገኛ ታሪክ አለው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ኃያላን ‘ዜጎቻችን ተበደሉ’ እያሉ የጦር መርከብ ወደ ላቲን አሜሪካ ወደቦች ይልኩ ነበር። አርጀንቲናዊው የሕግ ሊቅ ካርሎስ ካልቮ የውጭ ዜጋ ከአገሬው ዜጋ የበለጠ መብት ሊኖረው አይገባም ብሎ የተከራከረው ይህን አይቶ ነው። ክርክሩን አከብረዋለሁ፤ ድሃ አገሮችን ከውርደት ለመጠበቅ የቆመ ነው። የካልቮ የውጭ ዜጋ ግን ባንክና የባቡር ሐዲድ ያለው ባለሀብት ነበር። የዛሬው የጦርነት እንግዳ በብዛት ከአገሬው በታች የሚኖር ነው። እሱን ከአገሬው ጋር እኩል ማድረግ ራሱ ወደ ላይ ማንሳት ይሆናል።

መንግሥታት አቅም የላቸውም የሚለውን በተመለከተ ፊሊፒንስን መመልከት ይበቃል። ሀብታም አይደለችም፤ ሚሊዮኖች ልጆቿ በባሕረ ሰላጤውና በሌሎች አገሮች ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የስደተኛ ሠራተኞች ሕግ አወጣች። ለእያንዳንዱ የሥራ ውል 25 ዶላር የሚዋጣበት የሠራተኞች ደኅንነት ፈንድ አላት፤ በየአገሩ ያለውን አደጋ በአራት ደረጃ ከፍላ ታውጃለች፣ አራተኛው ሲደርስ ዜጎችን በመንግሥት ወጪ ማስወጣት ግዴታ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሊባኖስ በእስራኤል ስትደበደብ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊሊፒናውያን የወጡት በዚህ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ጉድለት አለበት፤ ያለ ውል የሄደውን ሁሉ አይደርስም። የእኛም ትልቁ ፈተና እዚያው ላይ ነው። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 (ይህ ዓመት ብቻ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የተቀረጸው በኤጀንሲ፣ በውልና በሁለትዮሽ ስምምነት ለሚሄድ ሠራተኛ ነው። በመተማ በእግር የተሻገረ፣ በደላላ ወደ የመን የተጓዘ ሰው በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2021 በሰንዓ የስደተኞች ማቆያ ውስጥ በተነሣው እሳት ያለቁት በብዛት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው የልጆቻቸውን ስም የሚጠይቁበት የተሟላ ዝርዝር አልነበረም።

እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንግዳ ብቻ ሳንሆን አስተናጋጅም ነን፤ ይህን መዝለል ሐቀኝነት ማጣት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ሽመልባ፣ ሕጻጽ፣ ማይ ዓይኒና አዲ ሐሩሽ በተባሉት መጠለያዎች ወደ 96,000 የሚጠጉ ኤርትራውያን ስደተኞች ተመዝግበው ነበር። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ሕጻጽና ሽመልባ ወደሙ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ባወጣው ሪፖርት በእነዚህ ሰዎች ላይ በደል የፈጸሙት የኤርትራ ወታደሮችም የትግራይ ታጣቂዎችም መሆናቸውን አሳይቷል፤ ለአንዱ ወገን ከሃዲ፣ ለሌላው የወራሪ ዘመድ ነበሩ። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው መተማ የገቡትም ኩመርና አውላላ በተባሉት የአማራ ክልል መጠለያዎች ካረፉ በኋላ ክልሉ ራሱ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ገባ። ዘረፋና ጥቃት ሲበዛባቸው በሜይ 2024 አንድ ሺህ ያህሉ አውላላን ለቅቀው መንገድ ዳር ሰፈሩ። እነዚህ ሰዎች ተመዝግበው ነበር፣ ካርድ ነበራቸው። ስለዚህ መመዝገብ ብቻውን ይበቃል ብዬ አልከራከርም። መዝገቡን የያዘው መንግሥት ራሱ የጦርነቱ ተዋጊ ሲሆን ወረቀቱ ጉልበት ያጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መውጫ ከአገሩ ውጭ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

እንዲህ ያለ መውጫ ተሞክሮ ያውቃል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሊቢያ ማጎሪያዎች የነበሩ ኤርትራውያንን፣ ሶማሌዎችን፣ ሱዳናውያንንና ኢትዮጵያውያንን በአውሮፕላን ወደ ኒጀር፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ሩዋንዳ ወዳለው ጋሾራ ወስዶ፣ እዚያ ሆነው ወደ ሦስተኛ አገር የሚሻገሩበትን ጉዳይ ይጨርስላቸው ነበር። የወጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከሚያስፈልገው አንጻር ጥቂት ነው። ዕቅዱ ግን ለሁለት ተግባራዊ ጥያቄዎች መልስ ሰጥቷል። ድሃ የሆኑ አፍሪካዊ መንግሥታት ለጊዜው ሊቀበሉ ፈቃደኛ ይሆናሉ፤ የጉዞ ሰነድ የሌለው ሰውም በጦርነት መካከል በሕጋዊ መንገድ ሊበር ይችላል። በሊቢያ ይህ የተቋቋመው ግን ጦርነቱ ከጀመረ ከዓመታት በኋላ ነው። ካርቱም ላይ ጦርነቱ በፈነዳበት ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ ያለ ስምምነት ከጎረቤቶቿ ከአንዳቸው ጋር ተፈርሞ ተቀምጦ ቢሆን፣ በገዳሪፍ የሚቆሙት አውቶቡሶች ለኤርትራውያኑም ስም ዝርዝር ይኖራቸው ነበር። ፖርት ሱዳን ላይ ለሳዑዲ መርከቦች የቆመው ሰልፍም ‘ከደረስክበት የሚቀበልህ መንግሥት የትኛው ነው?’ ተብለው ሲጠየቁ የሚሉት ያጡትን ሰዎች ወደ ኋላ ባልመለሰ ነበር።